«ዴዲኬትድ ሰርቨር» ለጭሮ ሆቴል ምን ያደርግለታል?

በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት መጀመሪያ እስከ ሐምሌ ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። የቤተ ክርስቲያን ውዝግብ ሲነሳ የተዘጉት እነዚህ መተግበሪያዎች አምስት ወር ሙሉ ተዘግተው ቆዩ። ይህን ቻናል የሚከታተል ሰው ያንን ጊዜ አይረሳውም። ቪፒኤን የሚያወርድ ወጣት ጉዳዩን ችላ ብሎት ሊሆን ይችላል። ዕቃውን በቻናል ብቻ ይሸጥ የነበረ ነጋዴ ግን፣ ምዝገባውን በፌስቡክ ገጹ ብቻ ያስነግር የነበረ ኮሌጅ ግን፣ ደንበኛውን የት ሄዶ ይፈልገው?

«የራሴ ድረ ገጽ ይኑረኝ» የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ በክፍለ ሀገር ከተሞችም መሰማቱ ተገቢ ነው። ጭሮ ላይ፣ ሂርና ላይ፣ በዴሳና ገለምሶ ላይ ሆቴል አለ፣ የግል ትምህርት ቤት አለ፣ ክሊኒክ አለ፣ ቡና ለውጭ ገበያ ማቅረብ የሚፈልግ ማኅበርና ነጋዴ አለ። እነዚህ ሁሉ ስልክ ቁጥራቸውንና ዋጋቸውን በራሳቸው አድራሻ ቢያስቀምጡ ይጠቀማሉ። ችግሩ የሚጀምረው ፕሮፎርማው ሲመጣ ነው።

አንድ የጭሮ ሆቴል ባለቤት እንበል። ሃያ አምስት ክፍል አለው። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ሐረር የሚያልፍ መንገደኛ ያድርበታል፣ አንዳንዴ ሠርግና ስብሰባ ይይዛል። ድረ ገጽ ለማሠራት ዋጋ ሲጠይቅ በእጁ የሚገባው ወረቀት ላይ አራት ተራ ይኖራል፦ ዲዛይን፣ ዶሜይን፣ «ዴዲኬትድ ሰርቨር»፣ ዓመታዊ ጥገና። ከአራቱ ውስጥ ትልቁ ብር ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «ፈጣን ነው፣ አስተማማኝ ነው፣ ለብቻዎ ነው።» ለብቻዎ መባል ደግሞ ደስ ይላል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይፈርማል።

መፈረም የለበትም። ምክንያቱን ለመረዳት ኮምፒውተር መማር አያስፈልግም፤ ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

ድረ ገጽ ማለት የፋይሎች ስብስብ ነው። እነዚህ ፋይሎች ሃያ አራት ሰዓት የማይጠፋና ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ አለባቸው። ኮምፒውተሩ ሰርቨር ይባላል፣ ቦታውን ማከራየት ደግሞ ሆስቲንግ። የመጀመሪያው ዓይነት ኪራይ የጋራ ሆስቲንግ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ስድስት ተከራይ እንዳለ ያህል ነው። ውሃው አንድ፣ ቆጣሪው አንድ። ኪራዩ ርካሽ ነው፣ ግቢውን የሚጠርገውና በሩን የሚዘጋው አከራዩ ነው። ችግሩ አንዷ ተከራይ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሌላው ካውያ፣ ሦስተኛው ምድጃ በአንድ ሰዓት ሲሰኩ ነው፤ ብሬከሩ ይወርድና ግቢው ሁሉ ይጨልማል። በጋራ ሰርቨር ላይም አንዱ ድረ ገጽ ሲጨናነቅ ጎረቤቶቹ ይንቀራፈፋሉ።

ሁለተኛው ቪፒኤስ የሚባለው ነው። ሕንፃው የጋራ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ ቆጣሪና የራሱ በር አለው፤ ልክ እንደ ኮንዶሚኒየም። የጎረቤት ምጣድ ብዙም አይነካውም። ሦስተኛው ዴዲኬትድ ሰርቨር ነው፤ ግቢውን በሙሉ መከራየት። ኮምፒውተሩ በሙሉ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩም ሜሞሪውም ዲስኩም ለአንድ ተከራይ ይሰጣል። ማንም አይጋራውም። ዘበኛውን የሚቀጥረው፣ ቧንቧው ሲፈነዳ ሌሊት የሚነሳው፣ የአጥሩን ቀዳዳ የሚደፍነውም ተከራዩ ራሱ ነው። ሻጮች ይህን የኋለኛውን ክፍል እምብዛም አያነሱትም።

አሁን ወደ ሆቴሉ እንመለስ። ድረ ገጹ ተሳካለት እንበልና በቀን ሁለት መቶ ሰው ይጎበኘው። እያንዳንዱ ሰው አራት ገጽ ይክፈት። በቀን ስምንት መቶ ገጽ ማለት ነው። አንድ ቀን 1,440 ደቂቃ አለው። በአማካይ በሁለት ደቂቃ አንድ ገጽ ገደማ ማለት ነው። ተራ ዴዲኬትድ ሰርቨር ግን በሰከንድ በአስሮች የሚቆጠሩ ገጾችን ማስተናገድ ይችላል። ሆቴሉ ለሃያ አምስት እንግዳ ቁርስ ብሎ የስታዲየም ወጥ ቤት እየተከራየ ነው።

«ታዲያ ድረ ገጾቻችን ለምን ይንቀራፈፋሉ?» ይላል ሻጩ። ጥያቄው ትክክል ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ግን ሌላ ቦታ ነው። ከስልክ ካሜራ የወጣ አንድ ፎቶ አራት አምስት ሜጋባይት ይመዝናል። የሆቴሉ መግቢያ ገጽ ላይ አሥር ፎቶ እንዳለ ቢለጠፍ ገጹ ብቻውን ከአርባ ሜጋባይት ይበልጣል። መቻራ ወይም ቦኬ ላይ ተቀምጦ በሜጋባይት ጥቅል የገዛ ሰው ይህን ገጽ ለመክፈት ጥቅሉን ይጨርሳል፣ ወይም ሰልችቶት ይዘጋዋል። ሰርቨሩ የንጉሥ ቢሆንም ለውጥ የለውም፤ ጠባቡ መንገድ በስልኩና በኔትወርኩ መካከል ነው። እነዚያኑ አሥር ፎቶዎች እያንዳንዳቸውን ወደ ሁለት መቶ ኪሎባይት ማሳነስ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ገጹም ወደ ሁለት ሜጋባይት ይወርዳል። ለዚህ ሥራ ፕሮፎርማ ላይ ተራ የለውም፣ ምክንያቱም አያስከፍልም።

ከዚያ ላይ እንደ ክላውድፌር ያሉ ድርጅቶች የድረ ገጽን ቅጂ ለተጠቃሚው ቅርብ በሆኑ ከተሞች የሚያስቀምጥ አገልግሎት አላቸው፤ መነሻ ደረጃው በነፃ ነው። ናይሮቢና ጅቡቲ ላይ ጣቢያ አላቸው። በሚኤሶ የሚያልፈው ባቡር መድረሻው ጅቡቲ ነው፤ ወደብ የሌላት አገር ኢንተርኔትም ከባሕር ገመድ የሚገናኘው በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ነው። ጅቡቲ ላይ የተቀመጠ ቅጂ ጀርመን ካለ ሰርቨር ቀድሞ ጭሮ ይደርሳል።

ዴዲኬትድ ሰርቨር ለማንም አያስፈልግም ማለት አይደለም። በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎቹን በአንድ ሳምንት በኢንተርኔት የሚመዘግብ ተቋም፣ እንደ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ያለ፣ ሊያስብበት ይችላል። የሕሙማን መዝገብ የሚይዝ ትልቅ ሆስፒታል፣ ክፍያ የሚያስተናግድ ድርጅት፣ ቪዲዮ የሚያሰራጭ ሚዲያ ሊያስፈልገው ይችላል። እዚያም ቢሆን «ትልቅ ማሽን ተከራይተናልና ጨረስን» ማለት አይቻልም። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበትን ሌሊት ማስታወስ ነው። በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን የወሰዱት ከ800 ሺህ በላይ ነበሩ። ተማሪው፣ ወላጁ፣ ወንድሙ፣ አስተማሪው ሁሉም በአንድ ሰዓት አንድን አድራሻ ይጫኑታል። አንድ ማሽን፣ የፈለገውን ያህል ጡንቻ ቢኖረው፣ ያንን አይችልም። የፈተናዎች አገልግሎት ውጤቱን ከድረ ገጽ በተጨማሪ በአጭር መልእክትና በቴሌግራም ቦት መስጠቱ ጭነቱን ለመከፋፈል ነው። ለአንድ ሌሊት ጎርፍ ዓመቱን ሙሉ ትልቅ ቱቦ መከራየትም ኪሳራ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚሰፋና ኋላ የሚጠብ፣ በተለምዶ ክላውድ የሚባለው አሠራር ይሻላል።

ከባዱ ጉዳይ ጥገናው ነው። ዴዲኬትድ ሰርቨር በሁለት መልክ ይከራያል። በአንደኛው አከራዩ ድርጅት ሶፍትዌሩን ያድሳል፣ ይጠብቃል፣ ሲበላሽ ይጠግናል፤ ይህ ውድ ነው። በሌላው ማሽኑን ከኤሌክትሪክና ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ ቁልፉን ይሰጥና ይሄዳል፤ ርካሽ የሚመስለው ይኼኛው ነው፣ ፕሮፎርማ ላይ የሚገባውም አብዛኛውን ጊዜ ይኼው ነው። አዲስ ሰርቨር ኢንተርኔት ላይ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ከዓለም ዙሪያ ያሉ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች የይለፍ ቃሉን መገመት ይጀምራሉ። ጭሮን ያውቋታል ማለት አይደለም፤ የሚያዩት ቁጥር ብቻ ነው። ሊኑክስን ማደስ፣ ፋየርዎል ማቆም፣ የመግቢያ መዝገቦችን ማየት የዘወትር ሥራ ነው። ድረ ገጹን የሠራው ልጅ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ይህን ማን ይሠራዋል? የሆቴሉ ሒሳብ ሠራተኛ?

በጋራ ሆስቲንግ ላይ ግን ይህ ሁሉ የአከራዩ ዕዳ ነው። ለባለ ድረ ገጹ የሚቀረው ዎርድፕረሱን ከነተጨማሪዎቹ ማደስ ነው። ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ በዎርድፕረስ የተሠሩ ስለሆኑ አጥቂዎችም ቀድመው የሚያንኳኩት እሱን ነው፤ ማደሱ ደግሞ አንድ ቁልፍ መጫን ነው።

«ለብቻ» የሚለው ቃል የሚሸፍነው ሌላም ነገር አለ። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ ኦቪኤች የተባለው ትልቅ የሆስቲንግ ድርጅት ዳታ ሴንተር በእሳት ጋየ። አንዱ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ጠፉ። የራሳቸውን ሙሉ ሰርቨር ተከራይተው የነበሩ ብዙ ደንበኞች ያን ቀን ጠዋት ያወቁት ነገር ቢኖር መጠባበቂያ ቅጂ በኪራዩ ውስጥ እንዳልነበረ ነው። አንዳንዶቹ ቅጂ ነበራቸው፣ ግን ቅጂው እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። «ረስት» የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ አዘጋጆች የአውሮፓ ተጫዋቾቻቸውን መረጃ መመለስ እንዳልቻሉ በይፋ ተናግረዋል። እነዚህ ባለሙያዎች ናቸው። የገለምሶ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ውጤት በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ካስቀመጠ፣ ማሽኑ ለብቻው መሆኑ ከእሳት አያድነውም። በሳምንት አንድ ጊዜ የድረ ገጹን ቅጂ አውርዶ በፍላሽ ወይም በውጭ ሃርድ ዲስክ ማስቀመጥ ያድነዋል።

ገንዘቡም መታየት አለበት፣ ምክንያቱም ኪራዩ በአብዛኛው በዶላር ወይም በዩሮ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የባንክ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆነ። በወር መቶ ዶላር የሚያስከፍል ሰርቨር የተከራየ ሰው ከዚያ በፊት በዓመት 68,400 ብር ያወጣ ነበር። በ120 ብር ስሌት 144,000 ብር ሆነበት። ሰርቨሩ አልተለወጠም፣ ጎብኚው አልጨመረም፣ የሆቴሉ አልጋ ዋጋ በእጥፍ አልጨመረም። በወር አምስት ዶላር የጋራ ሆስቲንግ የሚከፍል ጎረቤቱ በዚያው ተመን በዓመት 7,200 ብር ይበቃዋል። ልዩነቱ ጥሩ ጄኔሬተር ለመግዛት መነሻ ይሆናል፤ ጭሮ ላይ ደግሞ እንግዳ ስለ ሰርቨር አይጠይቅም፣ መብራት ሲጠፋ ግን ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ርካሽ ሆስቲንግ ሲታወጅ የሚጻፈው የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ነው። ሲታደስ ሁለት እጥፍና ሦስት እጥፍ መሆኑ የተለመደ ነው። መጠየቅ ያለበት የእድሳቱ ዋጋ ነው።

ሰርቨሩ የት አገር ይቀመጥ የሚለውም ክርክር አለው። አዲስ አበባ ላይ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ዊንጉና ራክሲዮ የመሳሰሉ ዳታ ሴንተሮች ተከፍተዋል፣ ኢትዮ ቴሌኮምም ቴሌክላውድ የሚባል አገልግሎት ይሰጣል። በብር መክፈል ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ደንበኛው አገር ውስጥ ከሆነም ቅርበቱ ይጠቅማል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደግሞ የተማሪ ወይም የታካሚ መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት መረጃውን ውጭ አገር ከማስቀመጡ በፊት አዋጁን ማንበብ ወይም ጠበቃ መጠየቅ አለበት። በሌላ በኩል ምዕራብ ሐረርጌ ሰኔ 2012ን ታስታውሳለች። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ከሰኔ 23 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ ነበር። ያኔ ጀርመን ላይ የተቀመጠ የአንድ ቡና ላኪ ድረ ገጽ ለአውሮፓ ገዢው ሳይቋረጥ ይከፈትለታል፤ ባለቤቱ ግን ከጭሮ ገብቶ አንዲት ቃል መለወጥ አይችልም። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ቢሆን ገዢው ይከፈትለት እንደነበር ዋስትና የሚሰጥ የለም። ስለዚህ ደንበኛው ውጭ ላለ የውጩ፣ ደንበኛው እዚሁ ላለ የአገር ውስጡ ያዋጣል። የጭሮው ሆቴል እንግዳ በአብዛኛው እዚሁ ያለ ነው።

ቢሮ ጓዳ ውስጥ ኮምፒውተር አስቀምጠው «የራሳችን ሰርቨር» የሚሉም አሉ። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጠፋ ነገር ሰርቨር ሊባል አይገባውም።

ከሁሉ በላይ ግን ባለ ድረ ገጹን የሚጎዳው የሰርቨሩ ዓይነት አይደለም። የዶሜይኑ ስም ባለቤትነት ነው። አሰበ ተፈሪን በፕላን የቆረቆሯት የጨርጨሩ ገዥ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ከተማ ማለት መጀመሪያ መሬቱ የማን እንደሆነ የሚታወቅበት መሆኑን ሳይገነዘቡት አይቀሩም። በኢንተርኔትም ካርታው ዶሜይኑ ነው። ሰርቨር ቢቃጠል፣ ቢወደድ፣ ቢዘጋ ዕቃን ጭኖ ሌላ ቤት መግባት ይቻላል፤ አድራሻው ያው ስለሚሆን ደንበኛው መሄድህንም አያውቅም። ካርታው በሌላ ሰው ስም ከሆነ ግን ቤቱ ያንተ አልነበረም።

ይህ እንዴት ይሆናል? ብዙ ባለ ንግዶች በውጭ ምንዛሪ የሚከፍሉበት ካርድ የላቸውም። ስለዚህ ሠሪው ወይም አከፋፋዩ በራሱ ካርድ፣ በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ ስም ያስመዘግበዋል። ክፋት ላይኖርበት ይችላል፤ ቀላሉ መንገድ ስለሆነ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲጣሉ፣ ወይም ሰውየው አገር ለቅቆ ሲሄድ፣ ወይም እድሳቱን ሲረሳ ነው ጉዱ የሚታየው። በዶት ኮም የሚያልቅ ስም ጊዜው ሲያልፍ ወዲያው አይጠፋም፤ ጥቂት ሳምንታት የእፎይታ ጊዜ ይኖረዋል፣ ከዚያ 30 ቀን ከፍ ያለ ቅጣት ተከፍሎ የሚመለስበት ጊዜ አለ፣ ከዚያ በኋላ ለማንም ክፍት ይሆናል። ማስታወቂያው የሚላከው ግን ለተመዘገበው ኢሜይል ነው። ኢሜይሉ የሌላ ሰው ከሆነ ባለ ሆቴሉ የሚሰማው ስሙ ከተሸጠ በኋላ ነው። በዶት ኢቲ የሚያልቀውን ስም ኢትዮ ቴሌኮም ስለሚመዘግበው በድርጅቱ ስምና በንግድ ፈቃዱ ማስመዝገብና በብር መክፈል ይቻላል፤ ለአገር ውስጥ ንግድ ብዙም ያልታየ መፍትሔ ነው።

ሻጮቹ የሚሉትም እውነት እንዳለው መካድ አይገባም። በጣም ርካሽ የጋራ ሆስቲንግ መጥፎ ጎረቤት ያመጣል። አንዱ ተከራይ አጭበርባሪ ኢሜይል ሲበትን የሁሉም የጋራ አድራሻ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባና የሆቴሉ የቦታ ማስያዣ መልእክት በደንበኛው «ስፓም» ውስጥ ይቀበራል። ለዚህም ቢሆን መፍትሔው በወር ከአምስት እስከ አሥር ዶላር የሚከራይ ቪፒኤስ ወይም ኢሜይልን ለብቻው ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ከጋራ ግቢ ወጥቶ ቀጥታ ባለ ሁለት ሺህ ካሬ ግቢ መከራየት ምን አመጣው?

እንግዲህ ባለ ሆቴሉ ፕሮፎርማውን ሲመልስ ሦስተኛውን ተራ ሰርዞ «የጋራ ሆስቲንግ፣ የእድሳት ዋጋው ይጻፍ» ብሎ ይተካዋል። ከዶሜይኑ ጎን «በሆቴሉ ስምና በሆቴሉ ኢሜይል ይመዝገብ፣ የይለፍ ቃሉ በፖስታ ታሽጎ ይሰጠን» ብሎ ይጨምራል። ከጥገናው ጎን «በየሳምንቱ ቅጂ፣ ቅጂውም ከሰርቨሩ ውጭ» ይላል፣ አንድ ጊዜም ከቅጂው ተነሥቶ ድረ ገጹ ሲመለስ በዓይኑ ማየት ይጠይቃል። ጎብኚው በእውነት በዝቶ ገጹ ሲጨናነቅ ወደ ቪፒኤስ ማዛወር የአንድ ቀን ሥራ ነው። ይህን የማይቀበል ሠሪ ካለ ባለ ሆቴሉ ሌላ ሠሪ ይጠይቅ።